«ሩጫውን ወይ እኔን ምረጪ ልበላት?»

«የ32 ዓመት ሰው ነኝ፤ ጅማ ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። ሚስቴ የማራቶን ሯጭ ናት። ልጃችን ሦስት ዓመት ሞላው። ከወለደች በኋላ ሩጫውን ትተዋለች ብዬ ነበር። እሷ ግን አዲስ አበባ ክለብ ገባች፤ የነገረችኝም ከፈረመች በኋላ ነው። የምትመጣው በወር አንዴ ነው። ስትመጣም ደክሟት ትተኛለች፤ ጎህ ሳይቀድ ደግሞ ወደ ጅሬን ዳገት ትወጣለች። ባለፈው ተናድጄ የመሮጫ ጫማዋን ደበቅኩባት። እናቴ ‹አንተ ሚስት የለህም› ትለኛለች። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምረጪ ልበላት?»

ወንድሜ፣ እንደዚያ አትበላት። ሩጫውን ብትተው ቂሙ ቤታችሁ ይገባል። አንተን ብትተው ደግሞ የሚጎዳው ልጃችሁ ነው።

ከጫማው ልጀምር፤ አንተ በአንድ መስመር አልፈኸዋል፣ እኔ ግን ማለፍ አልቻልኩም። ጫማው የእንጀራዋ መሣሪያ ነው። እሷ በጠዋት የባጃጅህን ቁልፍ ብትደብቅብህስ? የሥራህ መስተጓጎል አንድ ነገር ነው፤ መናቅህ ግን የበለጠ ያምምህ ነበር። ለዚህ ይቅርታ ጠይቃት። «አንቺም እኮ» የምትል ቃል አትጨምርበት።

ድካሟን ደግሞ እንደ ጥላቻ አትቁጠረው። የማራቶን ሯጭ በሳምንት 160 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ልትሮጥ ትችላለች። በዚያ ላይ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ተጉዛ ነው የምትመጣው። አዲስ አበባ የሄደችውም አንተን ሸሽታ አይመስለኝም። ሯጭ ከፍ ያለ ቦታ ላይ መለማመድ ይጠቅማታል፤ ጅማ ከፍታዋ 1,700 ሜትር አካባቢ ነው፤ የአዲስ አበባው እንጦጦ ወደ 3,000 ይጠጋል። ክለቧም አሰልጣኟም እዚያ ናቸው።

ወልዶ መመለስም ያለ ነገር ነው። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ኦሎምፒክ ላይ ወርቅ አገኘች፤ ከወለደች በኋላ በ2000 ሲድኒ ላይ ደገመችው። አልማዝ አያናም ወልዳ ተመልሳ እ.ኤ.አ. በ2022 የአምስተርዳም ማራቶንን አሸንፋለች። ሚስትህም የምትሰማው እውነት ግን አለ፦ አብዛኛው ሯጭ እዚያ አይደርስም። ጉዳት አለ፤ የሚፈለገው የሩጫ ሰዓት አልመጣ የሚልበት ጊዜ አለ። «አንድ ቀን ይሳካል» እየተባለ ቤተሰብ ዝም ብሎ ሊጠብቅ አይችልም።

በእኔ ግምት ያቆሰለህ ሩጫው ራሱ አይደለም። ሳትጠየቅ ተነገረህ። ልጁ ሌሊት ሲያተኩሰው ብቻህን ትነሳለህ፤ ጠዋት ባጃጁ ይጠብቅሃል። እሷ ብታሸንፍ ስሟ ይጠራል፤ የአንተን ልፋት ግን ማንም ልብ አላለውም። ይህ ቅሬታ ተገቢ ነው፤ እሷም ሳታማክርህ በመፈረሟ ይቅርታ ልትጠይቅህ ይገባል። ግን ምን እንዳመመህ በአፍህ ካልነገርካት ከጫማ መደበቅ ላይ ልታነበው አትችልም።

ዓርብ ማታ እንደደረሰች አትጀምር። ቅዳሜ ጠግባ ትተኛ፤ ከሰዓት ቡና ይፈላ፣ ልጁ አያቱ ጋ ይሂድ። ከዚያ «እንድትተይው አልፈልግም። ብቻዬን ግን ደክሞኛል። እስከ መቼ እንደሆነ አብረን እንወስን» በላት። ቀን ቁረጡ፤ ሁለት ዓመት ሊሆን ይችላል። እስከዚያ ምን ሰዓት ማምጣት እንዳለባት፣ ካልመጣ ምን እንደምታደርጉ፣ የክለቡ ደሞዝና የአንተ ገቢ እንዴት እንደሚደባለቅ ተነጋገሩ። ሁልጊዜ እሷ ብቻ ከምትመጣም አንዳንዴ ልጁን ይዘህ አንተ ሂድ። ልምምድ ስትሠራ ይያት። ማታ ማታ ሳይተኛ በቪዲዮ ታናግረው፤ አምስት ደቂቃም ይበቃል፣ ባይቋረጥ ነው ዋናው።

እናትህን አክብራቸው፤ የትዳርህን ሂሳብ ግን አታስይዛቸው። እንደገና «ሚስት የለህም» ሲሉህ «እማ፣ ሚስት አለኝ፤ ሥራ ላይ ናት» በላቸው።

እንቅልፍ ማጣትህን ግን አታቃልለው፤ የምትነዳው ሰው ጭነህ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየብህ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሥነ አእምሮ ክፍል ሄደህ ታይ። ለዚህ የእሷን መምጣት አትጠብቅ።