ከመውጣታችን በፊት ዛፉን እንዙረው፦ ስለ ዛፍ ቆረጣ አደጋ ጥያቄና መልስ

ከሱሉልታ እስከ ለገጣፎ ዛፍ ስቆርጥና ስከረክም 17 ዓመት ሆኖኛል። አዲስ ማኅበር ያቋቋሙ ልጆች የላኩልኝን ጥያቄ አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

ሦስት ሆነን ነው የምንሠራው። አደጋን አስቀድሞ መገምገም የትልልቅ ድርጅቶች ጉዳይ አይደለም ወይ?

እንዲያውም የእናንተ ነው። ከሦስት አንዱ ከወደቀ ሥራው ቆመ፣ ቤተሰቡም ተቸገረ። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። ዛፉን ሙሉ ዙሩትና ጻፉ፦ ምን ሊወድቅ ይችላል? ማን ላይ? ሰው ቢጎዳ በምን አውርደን በምን እናደርሰዋለን? ከእያንዳንዱ ጎን መፍትሔውንና የሚያስፈጽመውን ሰው ስም አስፍሩ። «እንጠነቀቃለን» ብሎ መጻፍ ምንም አለመጻፍ ነው። «መኪናዋ ከግቢ ትወጣለች፣ በበሩ በኩል እገሌ ይቆማል» ሲባል ግን ሥራ ነው። ጠዋት ቦታው ላይ እንደገና አንብቡት፤ ነፋሱ ትናንት የነበረው አይደለም።

ዛፉን ስንዞር ምን እንይ?

ከሥሩ ጀምሩ። እኛ አካባቢ ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው መሬት ውስጥ ነው። ለአጥር መሠረት ወይም ለቱቦ ሲቆፈር የዛፉ ሥር በአንድ በኩል ተቆርጦ፣ አፈር ተመልሶበት፣ ላዩ ለምልሞ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ባለቤቱን «በዚህ በኩል ቁፋሮ ነበረ?» ብላችሁ ጠይቁ። መረሬ አፈር ደግሞ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ይለሰልሳል፤ ዛፉ ካዘነበለበት በተቃራኒ በኩል አፈሩ ከፍ ካለ ዛፉ መነቀል ጀምሯል።

ቀጥሎ ግንዱን በመጥረቢያ ጀርባ ምቱት። እንደ ከበሮ ካስተጋባ ውስጡ ባዶ ነው። ከሥሩ እንጉዳይ ከበቀለም ብስባሽ አለ። ከሁሉ በላይ የምፈራው ከአሮጌ ጉቶ ያቆጠቆጠ ባሕር ዛፍ ነው። ሦስት አራት ሆኖ ሲያድግ ያምራል፤ ግን እያንዳንዱ የተያያዘው ከጉቶው ጠርዝ ጋር ነው፣ ጉቶው ደግሞ እየበሰበሰ ነው። ሰው ሲወጣበት ከሥሩ ሊገነጠል ይችላል። እንዲህ ያለውን ከመውጣት በእሱ ላይ ባልተደገፈ መሰላል ሆኖ ወይም ከሌላ ጠንካራ ዛፍ ታስሮ መሥራት ይሻላል፤ በመሰላል ላይ ግን የሞተር መጋዝ አይያዝም።

ክብደቱንም አትናቁ። 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ 3 ሜትር ርዝመት ያለው እርጥብ የባሕር ዛፍ ግንድ 2 ኩንታል ገደማ ይመዝናል።

ቅርንጫፉ የመብራት ሽቦ ነክቷል። ባለቤቱ «ቶሎ በሉ» ይላል።

አትንኩት። እርጥብ እንጨት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ቤት የሚገባው 220 ቮልት ነው፤ መንገድ ዳር ያለው ከፍ ያለው መስመር ግን 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት ሊሆን ይችላል፣ ሽቦውም ብዙ ጊዜ ራቁቱን ነው። ዛፉ ሽቦውን ከነካ መሬቱ ራሱ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ስለሚችል ሰው አርቁና ወደ 905 ደውሉ። መስመሩ መቋረጡን የሚያረጋግጠው የመብራት ኃይል ሠራተኛ ነው፤ የባለቤቱ ቆጣሪ መዝጋት የውጭውን ሽቦ አያጠፋም። ሽቦውን ባይነካም ሰውም፣ መጋዝም፣ የሚወድቀው ቅርንጫፍም ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ።

ገመድ ከገበያ ገዝተን እንጠቀማለን። ይበቃል?

ዕቃ ማሰሪያ ገመድ ሰው አይሸከምም። ፀሐይ የበላው የፕላስቲክ ገመድ ደግሞ ሳይታሰብ ይበጠሳል። ለሰው የተሠራ ቀበቶና ገመድ ግዙ፤ መጋዝ ሲነሳ በሁለት ቦታ ታሰሩ፣ አንዱ በመጋዙ ቢቆረጥ ሌላው ይይዛል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፦ ላይ ያለው ሰው ራሱን ቢስት ማን ያወርደዋል? በቀበቶ ተንጠልጥሎ የቀረ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሁለተኛ መውጣት የሚችል ሰውና ሁለተኛ ገመድ ከሌለ ያን ቀን አንወጣም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ ሁላችሁም በቃል ያዙት።

ጭራሮ ለቃሚዎች ከሥር ገብተው አይወጡም። ምን እናድርግ?

አንድ ጊዜ ቅርንጫፍ ከአንዲት እናት ጀርባ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ወድቆብኛል። ዛሬም ሳስበው ይሰቀጥጠኛል። ከዚያ ወዲህ መጮህ ትቼ፣ ሥራ ሳይጀመር አነጋግራቸዋለሁ፦ «ጭራሮውን እዚያ ማዶ እናወጣላችኋለን፣ ፊሽካ ሲነፋ ትወስዳላችሁ።» ቃላችንን ከጠበቅን እነሱም ይጠብቃሉ፤ ልጆቹንም እነሱው ይከለክሉልናል። ሙሉውን ዛፍ የምትጥሉ ከሆነ ደግሞ የዛፉን ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል ዙሪያ ሰው አይቁም።

የቀን ሠራተኛ ቢጎዳብን ተጠያቂው ማን ነው?

ያሠራው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት መከላከያ ዕቃ ማቅረብና አደጋውን ማስረዳት የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ይጠየቃል። ሄልሜትና የዓይን መነጽር ያለው ሠራተኛ ብቻ ይግባ።

ዋጋ መቼ እንንገር?

ዛፉን ዞራችሁ ካያችሁ በኋላ። በስልክ የተነገረ ዋጋ እጃችሁን ያስራል፤ ሥሩ ተቆርጦ ብታገኙት እንኳ «ተስማምተናል» ብላችሁ ትወጣላችሁ።