ስንዴ ላይ የረጨነው ፀረ-አረም ለተከታዩ ምስር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከእነዋሪ)፦ ጋሼ፣ አምና ስንዴ ላይ ፀረ-አረም ረጭተን ዘንድሮ ምስር ዘራንበት። ከበቀለ በኋላ ቢጫ ሆኖ ቆመ። በሽታ ነው?

መልስ፦ የኬሚካሉ ስም ማን ነው? «ፀረ-አረም» ብቻ ተብሎ መልስ የለም።

ጠያቂው፦ ጥቅሉ ሜትሰልፉሮን ይላል።

መልስ፦ እንግዲያው ምስሩን ነቅላችሁ ሥሩን እዩ። አፈር ውስጥ የቀረው የኬሚካል ቅሪት ከሆነ ዘሩ ደኅና ይበቅልና ሁለት ሦስት ቅጠል ሲያወጣ ለጋው ጫፍ ይገረጣል፣ ቁመቱ ይገታል፤ ሥሩ አጭር፣ ቅርንጫፍ ሥሮቹም ጉጥ ጉጥ ያሉ ይሆናሉ። ጉዳቱ የርጭቱን መስመር ተከትሎ ይሄዳል፤ ርጭት የተደረበበት ይብሳል። የሥር በሽታ ግን መስመር ሳይከተል እዚህም እዚያም ቦታ ቦታ እየለየ ያደርቃል።

እነዋሪ ያለችበት የሞረትና ጅሩ ጥቁር አፈር ብዙው አይኮመጥጥም። ይህ ኬሚካል ኮምጣጣ አፈር ላይ በውሃ ቶሎ ይፈርሳል፤ ፒኤች (የአፈር ኮምጣጣነት መለኪያ) ከ7 ሲያልፍ ግን የሚያፈርሱት በአብዛኛው የአፈር ተሕዋስያን ናቸው፤ እነሱም እርጥበት ይፈልጋሉ። አፈሩ በበጋ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ኬሚካሉም ተቀምጦ ይከርማል። ስለዚህ ያለፈውን ወር ሳይሆን አፈሩ እርጥብ ሆኖ የቆየበትን ጊዜ ቁጠሩ።

አንድ አባል፦ ደጋግሞ ማረስ ያጠፋዋል።

ሌላ አባል፦ ያሰራጨዋል እንጂ! ባይነካ ይሻላል።

የመጀመሪያው፦ እኛ ጋ አራት ጊዜ የታረሰው ላይ ምስሩ ደኅና ነው።

መልስ፦ ማረስ ያሳሳዋል፣ አያጠፋውም። ክርክሩን ትታችሁ ሞክሩት። ከተረጨው ማሳ ከአምስት ስድስት ቦታ፣ ከላይ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ያለውን አፈር ውሰዱ፤ ካልተረጨ ቦታም ለብቻ። የሁለት ጣሳ ቂጥ በስታችሁ ሁለቱን አፈር ለየብቻ ሙሉና 10 10 ፍሬ ምስር ዝሩ። በ3 ሳምንት የምስሮቹን ሥር አጥባችሁ አወዳድሩ። ልዩነት ካለ ያ ማሳ ላይ ዘንድሮም ስንዴ ይዘራ።

ጥያቄ (ከሸዋሮቢት)፦ ሩዝ ላይ ተረጭቶ ጓያ ቢከተልስ?

መልስ፦ ሩዝ የፎገራ ሰዎች ሙያ ነው፣ እነሱን ጠይቁ። ጥቅሉ ላይ ስለ ተከታይ ሰብል የተጻፈውን አንብቡ።

ጥያቄ፦ ፓላስ የሚባለው ፀረ-አረም ለአንድ ጥማድ ስንት ክዳን ነው?

መልስ፦ በክዳን አይለካም! በሄክታር ግማሽ ሊትር በ200 ሊትር ውሃ ነው። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነውና ለጥማድ 125 ሚሊ ሊትር በ50 ሊትር ውሃ፤ ለ15 ሊትር ፓምፕ 37 ሚሊ ሊትር ገደማ። ለስንዴ ነው፣ ገብስ ላይ እንዳትረጩት።

ጥያቄ፦ ቱፎርዲ (2,4-ዲ) የሚባለው ፀረ-አረምስ አፈር ውስጥ ይቆያል?

መልስ፦ በሳምንታት ይፈርሳል። እሱ የሚጎዳው በነፋስና ባልታጠበ ፓምፕ ነው፤ ባቄላው ግንዱ ይጠማዘዛል። ማጣሪያውንና አፍንጫውን ፈትታችሁ፣ በኦሞ ውሃ አሳድራችሁ፣ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ። እጣቢውን ወንዝ ውስጥ አትድፉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፀረ-አረም ከተረጨ በኋላ ምስር መዝራት ይቻላል?

መልስ፦ ከላይ አንብቡ! የኬሚካሉን ስም፣ መጠኑንና የተረጨበትን ወር ያልጻፈ ሰው አልመልስም።