«ስፖንጅ በአፉ ውሃ ይመጥጣል» ይባላል?

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ ማስታወሻ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። ስለ ባሕር ስፖንጅ ስጽፍ «ስፖንጅ ድንጋይ ላይ ይበቅላል፤ በአፉ ውሃ ይመጥጣል» አልኩ። ጓደኛዬ አነበበውና «አማርኛው ልክ አይደለም» አለኝ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ ሰዋስውዎ ምንም አልሆነም። ችግሩ የቃላት ምርጫው ላይ ነው።

ከስሙ እንጀምር። እኔ ብሆን «ሰፍነግ» እላለሁ። ማቴዎስ 27፥48 ላይ ሆምጣጤ የተሞላበት ሰፍነግ አለ አይደል? እሱ ነው። ቃሉ ወደ ግዕዝ የመጣው «ስፖንጎስ» ከሚለው ግሪክኛ ነው፤ «ስፖንጅ»ም በላቲን በኩል ዞሮ የሚመዘዘው ከዚያው ስለሆነ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው። ዛሬ ግን «ስፖንጅ» ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ዕቃ ማጠቢያውን ወይም ፍራሹን ነው፣ እነሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ናቸው። ሕይወት ያለውን ሰፍነግ፣ የፋብሪካውን ስፖንጅ ብንል ጥሩ ይመስለኛል።

«ይበቅላል» ይውጣ። ሰፍነግ እንስሳ ነው። እጭ ሳለ ይዋኛል፤ ኋላ ነው አንድ ቦታ የሚጣበቀው። «በቀለ» ካሉ ተማሪው ሥር ይፈልግለታል። «ተጣብቆ ይኖራል» ይበሉ።

ትልቁ ጉዳይ «አፍ» ነው። የሰፍነግ ሰውነት በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፣ ውሃው የሚገባውም በነሱ ነው። ውስጡን የለበሱት፣ ኮሌታ የመሰለ ዙሪያ ያላቸው ሕዋሶች ጅራፍ መሳይ ጭራቸውን እያወናጨፉ ውሃውን ይስባሉ፣ ባክቴሪያና ሌላ ደቃቅ ምግብ ይለቅሙበታል፣ ከዚያ ውሃው ቆሻሻውን ይዞ ላይ ባለው ሰፊ ቀዳዳ ይወጣል። እንግዲህ አፍ የሚመስለው ቀዳዳ መውጫው ነው! ስህተቱ የእርስዎ ብቻም አይደለም፤ «ኦስኩለም» የሚባለው ሳይንሳዊ ስሙ ራሱ በላቲን «ትንሽ አፍ» ማለት ነው። አማርኛም «የጠርሙስ አፍ»፣ «የዋሻ አፍ» ስለሚል ቃሉን ጨርሶ አይገፋውም። እንስሳ ላይ ሲመጣ ግን አፍ መብያ ነው፣ አንባቢም የሚረዳው እንደዚያ ነው። «መውጫ ቀዳዳ» ቢሉት ማንም አይሳሳትም።

«ሆድ» ሊሉ ካሰቡም ይቅር። መሃሉ ላይ ያለው ክፍት ቦታ ውሃ ማለፊያ ነው፣ ምግቡን የሚፈጩት ሕዋሶቹ ራሳቸው በየውስጣቸው ነው። ጨጓራ የለ፣ ነርቭ የለ፣ ጡንቻ የለ። አጥንትም የለውም፤ ቅርጹን የሚይዙለት ከካልሲየም ካርቦኔት ወይም ከሲሊካ የተሠሩ ጥቃቅን እሾሆች፣ በብዙዎቹ ላይም ስፖንጂን የሚባል የፕሮቲን ክር ናቸው። እነዚህን «ማገር» ብላቸው ደስ ይለኛል። ግድግዳን አስሮ እንደሚያቆመው ማገር ማለቴ ነው።

የቀረው «ይመጥጣል» ነው። ገላ መታጠቢያ ሆኖ የሚሸጠው የተፈጥሮ ሰፍነግ ሕዋሶቹ ረግፈው የቀረው የስፖንጂን መረብ ነው፣ እሱ በእርግጥ ውሃ ይመጥጣል፣ ሲጨምቁትም ይተፋል። በሕይወት ያለው ግን ውሃውን ይዞ አያስቀምጥም፣ በአንድ በኩል አስገብቶ በሌላው ይለቃል። ለሱ ግሱ «ያጣራል» ነው።