አማርኛ በፈርምዌር ውስጥ፦ ከቡና ላይ የተረፉ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ኮምቦልቻ ውስጥ ለሚዛንና ለደረሰኝ ማተሚያ ፈርምዌር (መሣሪያው ውስጥ ተቀምጦ የሚያሠራውን ፕሮግራም) እጽፋለሁ። ሰሞኑን ከደሴ የወረዱ ተማሪዎች ስለ ዩኒኮድ፣ ማለትም ለየፊደሉ ቁጥር ስለሚሰጠው መመዘኛ፣ ሲያፋጥጡኝ ዋሉ፤ አቦል ላይ የጀመርነው ወሬ በረካውም አልፎ አላለቀም። ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ ጻፍኩት። ዩቲኤፍ-8 እና ዩቲኤፍ-16 የምንላቸው ያንን የፊደል ቁጥር በባይት የምንጽፍባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው፤ አንድ ባይት 8 ቢት፣ አንድ ቢት ደግሞ 0 ወይም 1 ነው።

ጥ፦ ጋሼ፣ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት፣ በዩቲኤፍ-16 ደግሞ 2 ባይት ነው። ሜሞሪያችን ጠባብ ሆኖ ሳለ ለምን ዩቲኤፍ-8 ትመርጣለህ?

መ፦ ሒሳቡ ልክ ነው፤ «ኮምቦልቻ» በአንዱ 15፣ በሌላው 10 ባይት ይሆናል። ግን የመሣሪያውን ጽሑፍ በሙሉ ቁጠሩት። አኃዙ፣ ክፍት ቦታው፣ ለማተሚያው የሚላከው ትእዛዝ ሁሉ አስኪ (የእንግሊዝኛ ፊደል፣ አኃዝና መሠረታዊ ምልክቶች ኮድ) ነው፤ እሱ በዩቲኤፍ-8 1 ባይት፣ በዩቲኤፍ-16 2 ባይት ይወስዳል። ደግሞም ቦታ የሚበላው የፊደሉ ሥዕል ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ቢት ስለሚያስፈልግ፣ 16 በ19 ነጥብ የሆነ አንድ ፊደል 38 ባይት ይፈጃል። በዩኒኮድ የፊደላችን ዋና ሰንጠረዥ 384 ቦታ አለው፤ ሁሉን ብትስሉት ከ14 ሺህ ባይት ያልፋል። 32 ኪሎባይት ያላት ቺፕ ላይ ይህ ግፍ ነው። የምትጠቀሙበትን ፊደል ብቻ ሳሉ።

ጥ፦ የሱቅ ስም ስንት ባይት ይበቃዋል?

መ፦ እኔ 16 ይበቃል ብዬ ተዋርጃለሁ። «ኮምቦልቻ» ከማብቂያው ዜሮ (ጽሑፉ አለቀ ከሚለው አንድ ባይት) ጋር ልክ 16 ስለሆነች ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ደሴ ሰኞ ገበያ ያለች ነጋዴ ማተሚያውን ገዛች። «ሰኞ ገበያ» ከነክፍት ቦታው 16፣ ከዜሮው ጋር 17 ነው። ደረሰኙ «ሰኞ ገበ» ብሎ የተሰባበረ ምልክት አስከተለ፤ «ያ» ከሦስት ባይቷ ሁለቱ ብቻ ተርፈው ነበር። መቁረጥ ግድ ከሆነ፣ የምትቆርጡበት ቦታ ላይ ያለውን ባይት እዩ። የመጀመሪያ ሁለት ቢቶቹ 10 ከሆኑ ፊደል መሐል ናችሁ፤ እንዲህ የማይጀምር ባይት እስክታገኙ ወደ ኋላ ሂዱና ከእሱ በፊት ቁረጡ።

ጥ፦ በዩቲኤፍ-16 «ሀይቅ» ብለን ስንልክ ባዶ ወረቀት ይወጣል፤ «ሐይቅ» ስንል ግን ይታተማል። ምን ጉድ ነው?

መ፦ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ይህን ወደድኩት! የሀ የዩኒኮድ ቁጥር በአሥራ ስድስት መደብ (ሁለት ሁለት አኃዙ አንድ ባይት በሚሆንበት አቆጣጠር) 1200 ነው፤ ወደ ባይት ሲከፈል 12 እና 00 ይሆናል። ትንሹ ባይት በሚቀድምበት አቀማመጥ 00 ፊት ይወጣል፤ የሲ ቋንቋ የተለመዱት የጽሑፍ ተግባራት ደግሞ 00 ሲያዩ ጽሑፉ አለቀ ይላሉ። ሐ ቁጥሯ 1210 ስለሆነ አለፈች። ሃሌታው ሀ ሰጠመ፣ ሐመሩ ሐ ተንሳፈፈ። ጀም 1300 ስለሆነ እጣው ከሀ ጋር ነው። በዩቲኤፍ-8 የትኛውም ፊደላችን ውስጥ ዜሮ ባይት የለም።

ጥ፦ «ደሴ» ልከን ባዶ ሣጥንና የቻይና ፊደል የመጣብንስ?

መ፦ ሴ 1234 ናት፤ ለመያዝ የምትመች ቁጥር። ላኪው ትልቁን ባይት፣ ተቀባዩ ትንሹን ካስቀደመ 3412 ትሆናለች፤ ይህ የቻይና ፊደል ነው። ደ ደግሞ ለግል አገልግሎት ወደተተወ ክልል ትገባለች፤ ሣጥኑ ከዚያ ነው።

ጥ፦ የኮምፒውተር ማስነሻ ፈርምዌር ላይስ?

መ፦ ዩኢኤፍአይ (የኮምፒውተር ማስነሻ ፈርምዌር መመዘኛ) ላይ ምርጫ የላችሁም፤ መመዘኛው ዩሲኤስ-2 የተባለውን፣ ፊደሉን ሁሉ በ16 ቢት ብቻ የሚጽፈውን መንገድ ይጠቀማል። ውስጡን በዩቲኤፍ-8 ሠርታችሁ፣ ወደ ዩኢኤፍአይ ስትልኩ በሩ ላይ ወደ ዩሲኤስ-2 ቀይሩት። አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ በ2021 ለጉራጌ ቋንቋዎች የተጨመሩት 28 ፊደላት በ16 ቢት ከሚጻፉት 65,536 ቁጥሮች በላይ ያለው ክልል ውስጥ ስለሆኑ ዩሲኤስ-2 ጭራሽ አይደርስባቸውም።

ጥ፦ ባለ ሁለት መስመሩ ርካሽ ስክሪንስ፣ ኤችዲ44780 የሚባለው?

መ፦ በአንድ ጊዜ የራሳችሁን 8 ፊደል ብቻ ነው የሚቀበለው፤ እሱም 5 በ8 ነጥብ። ጨ እዚያ ላይ ምን እንደሚመስል ሞክራችሁ እዩት።