ፊደሉ አለ፣ ግን አይነበብም፦ ስለ ድረ ገጽ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤታችን የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ የሚያወጣው ማኅተምና ፊርማ ያረፈበትን ወረቀት ስካን አድርጎ ድረ ገጹ ላይ በመጫን ነው። በቅርቡ አንድ ማየት የተሳናቸው አመልካች ደውለው «ገጻችሁ ላይ ምንም የተጻፈ ነገር የለም» አሉን። ማስታወቂያው ግን እዚያው ነው። ምን ማለታቸው ነው? (የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አመልካቹ ልክ ናቸው። ስካን የተደረገ ወረቀት ለኮምፒውተር ፎቶግራፍ ነው፤ በውስጡ አንድም ፊደል የለም። እንደ ኤንቪዲኤና ጆውስ ያሉት ስክሪን ሪደሮች የተጻፈውን ወደ ድምፅ ይለውጣሉ፤ ምስል ላይ ሲደርሱ ግን «ምስል» ብለው ያልፋሉ፣ ወይም የፋይሉን ስም ያነባሉ። ጉዳቱ ማየት ለተሳናቸው ብቻም አይደለም። በስልክ የሚያነብ ሰው ምስሉን አጉልቶ እያንዳንዱን መስመር ግራና ቀኝ ይጎትታል። ጎግል ላይ የሥራ መደቡን ስም ጽፎ የሚፈልግም ማስታወቂያችሁን ላያገኘው ይችላል።

ለመፈተሽ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ገጹን ይክፈቱና አንድ ቃል በማውስ ለመምረጥ ይሞክሩ። ከዚያ ኮንትሮልና «ኤፍ»ን አብረው ተጭነው በማስታወቂያው ውስጥ የሚያዩትን ቃል ይፈልጉ። ቃሉ ካልተመረጠና ካልተገኘ ገጹ ላይ ያለው ምስል ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማስታወቂያው ከመታተሙ በፊት በወርድ ተተይቧልና። ያንኑ ጽሑፍ ገልብጠው ገጹ ላይ ይለጥፉ፤ ማኅተም ያለበትን ቅጂ ከሥሩ በፒዲኤፍ ያያይዙ። ሲለጥፉ ግን ሦስት ነገሮች ያስቸግራሉ።

አንደኛው ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። በእነዚያ የተተየበ ሰነድ ገጽ ላይ ሲለጠፍ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ጽሑፉን መጀመሪያ ኖትፓድ ላይ ለጥፈው ይዩት፤ እዚያ አማርኛ ሆኖ ከታየ ደህና ነው፣ ካልሆነ በዩኒኮድ እንደገና መተየብ ወይም በመለወጫ ፕሮግራም ማለፍ አለበት።

ሁለተኛው አራት ነጥብ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች «።»ን በመተው ሁለት ጊዜ «፡» ወይም የእንግሊዝኛውን «:» ይመታሉ። ለዓይን አንድ ይመስላል፤ ማሽኑ ግን ዓረፍተ ነገሩ እዚያ ማለቁን ላያውቅ ይችላል፣ ድምፁም ሳያርፍ ወደሚቀጥለው ይነጉዳል። ከምልክቱ በፊት ክፍተት ካለ ደግሞ ነጥቦቹ ብቻቸውን ወደ ቀጣዩ መስመር ይወርዳሉ። ወርድ ላይ በአንድ ጊዜ ፈልጎ መተካት ይቻላል።

ሦስተኛው ርዕስ ነው። «ተፈላጊ ችሎታ»ን በማድመቅ ብቻ ርዕስ አስመስለውት ከሆነ፣ ስክሪን ሪደሩ እንደ ማንኛውም አንቀጽ ነው የሚያየው። ከጽሑፍ ማስገቢያው ዝርዝር ውስጥ «ርዕስ 2» የሚለውን ይምረጡ። ያን ጊዜ ማየት የተሳነው አንባቢ «ኤች»ን እየተጫነ ከርዕስ ወደ ርዕስ ይዘላል፤ ደመወዙን ለማወቅ የመሥሪያ ቤቱን ታሪክ ከላይ ጀምሮ መስማት አይጠበቅበትም።

አንድ ነገር ልጨምር። «ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት» የሚለው አነጋገር ለጋዜጣ የተዘጋጀ ነው። ድረ ገጽ ላይ አንባቢው መቼ እንደወጣ አያውቅም። የመጨረሻውን ቀን በቁጥር ይጻፉ፣ ሰዓቱንም «ከቀኑ 11 ሰዓት» ብለው ይለዩት።

ጥያቄ፦ ድረ ገጽ እሠራለሁ። አንድ ደንበኛዬ የአማርኛው ገጽ ዓይን ያደክማል ይሉኛል፤ በእንግሊዝኛው ግን ቅሬታ የላቸውም። ሁለቱም 14 ፒክስል፣ ሁለቱም ግራጫ ናቸው። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ችግሩ ሁለቱም 14 መሆናቸው ነው። በግዕዝ ፊደል አናባቢውን የምትለየው ትንሽ ቅጥያ ናት። «ተቀበለ»ን ከ«ተቀበሉ» የምትለየው በ«ለ» ጎን የምትወጣ አንዲት ጭረት ነች፤ በ14 ፒክስል ከአንድ ሁለት ነጥብ አትበልጥም። አንባቢው ፊደሉን ማየት ሲያቅተው ከዓረፍተ ነገሩ ይገምታል፤ የሚያደክመውም ግምቱ ነው። ለአማርኛ ከ18 እስከ 20 ፒክስል ይስጡ። በሬም፣ ማለትም ከብራውዘሩ የፊደል መጠን በሚነሣው መለኪያ፣ ቢጽፉት ይሻላል፦ 1.125 ሬም በተለመደው የብራውዘር መጠን 18 ፒክስል ነው፣ ተጠቃሚው ብራውዘሩ ላይ ፊደል ካሳደገ ደግሞ አብሮ ያድጋል። የመስመር ከፍታውን ከ1.6 እስከ 1.8 ያድርጉ።

ጽሑፉን በሁለቱም ጠርዝ አያስተካክሉ። በአማርኛ ቅድመ ቅጥያና ድኅረ ቅጥያው ከቃሉ ጋር ስለሚጣበቅ ቃሉ ይረዝማል፤ በጠባብ የስልክ መስመር ላይ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ይቀርና በመካከላቸው ትልቅ ክፍተት ይፈጠራል። ማዘንበልንም ይተዉት፤ የግዕዝ ፎንቶች በአብዛኛው የተዘነበለ ቅርጽ ስለሌላቸው ብራውዘሩ ራሱ ፊደሉን ያጣምመዋል።

ወደ ግራጫው ስንመጣ፣ የድር ተደራሽነት ዓለም አቀፍ መመሪያ ለተራ ጽሑፍ በፊደሉና በመደቡ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 የሆነ የቀለም ልዩነት ይጠይቃል። በነጭ ላይ #999999 የሚል ኮድ ያለው ግራጫ የሚሰጠው 2.85 ብቻ ነው። #767676 በጭንቅ ያልፋል፤ ለቀጭኑ የአማርኛ ጭረት እኛ የምንመክረው 7 ለ 1 የሚሰጠውን #595959 ወይም ከእሱ የጠቆረውን ነው። በቪውፖርት መስመሩ (ገጹ በስልክ ስክሪን ላይ በምን መጠን እንደሚታይ በሚወስነው የኮድ መስመር) ላይ ማጉላትን የሚከለክል ትእዛዝ ካለም ዛሬውኑ ያውጡት።

ጥያቄ፦ የጤና መረጃ ገጻችን ላይ «ሀኪም» ብለው የሚፈልጉ ሰዎች ምንም አያገኙም። እኛ የጻፍነው «ሐኪም» ብለን ነው። ሁለቱንም መጻፍ አለብን?

መልስ፦ አያስፈልግም፤ ሥራው የፍለጋው ነው። ጽሑፉን ሳይነኩ፣ ለፍለጋ በሚቀመጠው ቅጂና ሰውየው በሚተይበው ቃል ላይ እኩል የሚሠራ መለወጫ ያስገቡ፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ እያንዳንዱ ከነሙሉ ቤቱ። ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ እንዲሁ አንድ ይሁኑ። በአንዱ ወገን ብቻ ካስገቡት ፍለጋው ይብስበታል።

ይህም ሆኖ «ሐኪም» ብሎ የፈለገ ሰው «ሐኪሞች»ን አያገኝም፤ «ም» ወደ «ሞ» ተለውጣለችና። ስለዚህ የቃሉን የመጨረሻ ፊደል በሁሉም ድምፆቹ ይፈልጉ። ይህ ከሚመስለው ይቀላል፦ በዩኒኮድ ዋናዎቹ የፊደል ቤቶች በስምንት ስምንት ቦታ ስለተደረደሩ፣ የፊደሉን ቁጥር ለ8 ሲያካፍሉ ቀሪው 5 ከሆነ ሳድስ ነው። ከቁጥሩ ቀሪውን ቢቀንሱ ግዕዙ ላይ ይደርሳሉ፤ ከእሱ እስከ ሳብዑ ያሉትን 7 ፊደላት ይቀበሉ።

ጥያቄ፦ ኤንቪዲኤ እጠቀማለሁ። አንዳንድ የአማርኛ ገጾች ይነበቡልኛል፣ አንዳንዶቹ ላይ ዝም ይላል። ጥፋቱ የእኔ ነው? (ተማሪ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ መጀመሪያ የእርስዎን በኩል እንይ። በኤንቪዲኤ የንግግር ቅንብር ውስጥ ድምፁ ኢስፒክ የተባለው የንባብ ፕሮግራም መሆኑንና ቋንቋን በራሱ የሚቀይረው ምርጫ መብራቱን ያረጋግጡ፤ ኢስፒክ አማርኛ አለው፣ ሌላ ድምፅ ከመረጡ ላይኖረው ይችላል። እዚህ ሁሉ ደህና ሆኖ በአንዳንድ ገጾች ብቻ ዝም ካለ፣ ገጹ ቋንቋውን ያልተናገረ ወይም «እንግሊዝኛ ነኝ» ያለ ሳይሆን አይቀርም። ለገጹ ባለቤቶች ይህን ይጻፉላቸው፦ በኤችቲኤምኤሉ (በገጹ ኮድ) የመጀመሪያ መለያ ላይ «ላንግ» የሚለው ዋጋ የአማርኛ መለያ የሆኑት ሁለት የላቲን ፊደላት፣ «ኤ» እና «ኤም»፣ ይሁን። በገጹ መካከል ትግርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ ካለ ያ ክፍል የራሱን መለያ ይያዝ። የአንድ መስመር ሥራ ነው።