«እንደ ባለፈው ጊዜ» ብለዋል፤ ያለፈው ምን ነበር?

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ቅዳሜ ማታ ከክርስትና ድግስ ስመለስ ፖሊስ መንገድ ላይ ቆሞ መኪና ሁሉ ይፈትሻል። ሁለት ቢራ ነው የጠጣሁት። ጣቢያ ወስደው አስነፉኝ፤ 0.10 አለ። ያለ ጥፋቴ ማስቆም ይችላሉ? ወይስ እንደ ባለፈው ጊዜ ቅጣቱን ከፍዬ ልገላገል? የሲትዝንሺፕ ቀጠሮዬ ደርሷል።

መልስ፦ ማስቆም ይችላሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1990 ከሚሺጋን በመጣ ጉዳይ ፈቅዷል። ግን ፖሊሶቹ ቀድሞ በወጣ ዕቅድ መመራት አለባቸው፤ ደስ ያላቸውን መኪና እየመረጡ አይደለም። ዕቅዱን ጠበቃዎ ይመርምረው። ቨርጂኒያ ለሚነዳ ሰው ያስቀመጠችው የአልኮል መጠን ጣሪያ 0.08 ነው፤ አልፈዋል። (ከሁለት ቢራ በላይ ጠጣሁ ያለኝ ደንበኛ እስካሁን አልገጠመኝም።)

እኔን ያስደነገጠኝ «እንደ ባለፈው ጊዜ» ያሉት ነው። የፍጥነት ትኬት ከነበረ እሰየው። ዲዩአይ (ጠጥቶ መንዳት) ከነበረ ግን ዋናውን ነገር ደብቀውኛል ማለት ነው። በ5 ዓመት ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ከተፈረደብዎ ቢያንስ 20 ቀን ይታሰራሉ፤ ዳኛው ቢያዝንልዎም ከዚያ መቀነስ አይችልም። መንጃ ፈቃድዎም ለ3 ዓመት ይሄዳል።

«ከፍዬ ልገላገል» የምትለዋ ነገር ስንቱን ወገን ጉድ ሠርታለች! ዲዩአይ ትኬት አይደለም፣ ወንጀል ነው። የመጀመሪያው እንኳ እስከ 12 ወር እስርና 2,500 ዶላር ያስቀጣል። ከፈልኩ ማለት «ጥፋተኛ ነኝ» ብሎ መፍረድ ነው፤ በራስ ላይ። አንድ ደንበኛዬ ከቦርሳው አራት ላይ የታጠፈ ደረሰኝ አውጥቶ «ይኸው፣ ከፍዬ ጨርሻለሁ እኮ» አለኝ። የጥፋተኝነቱን ማስረጃ ነበር ይዞ የሚዞረው። የዜግነት ቅጹ «ታስረው ወይም ተከሰው ያውቃሉ?» ሲለው «አላውቅም» ብሎ ሞልቷል። አሻራው ግን መዝገቡን ይዞ ቀድሞት ቢሮው ደርሷል።

አንድ ዲዩአይ ብቻውን ብዙ ጊዜ ዜግነት አያስከለክልም። ቃለ መጠይቅ ላይ መዋሸት ግን ያስከለክላል። ለዜግነት ጠባይዎ በሚታይበት 5 ዓመት ውስጥ ሁለት ከሆነ ደግሞ፣ በ2019 የወጣው የጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ውሳኔ «መልካም ጠባይ የለውም» ብሎ ይነሳል፤ አለኝ ብሎ ማስረዳት የእርስዎ ዕዳ ነው።

ስለዚህ ከፍርድ ቤት ቀጠሮዎ በፊት የወንጀል ጠበቃ ይያዙ፤ አቅም ከሌለዎ ፍርድ ቤቱን ይጠይቁ። የኢሚግሬሽን ጠበቃም አብሮ ይይልዎ። የዜግነት ቀጠሮውን ሳያማክሩ አይሰርዙ፣ ሳያማክሩም አይግቡ። የፊተኛውን ጉዳይ ማኅተም ያለበት ውሳኔ ከፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ያውጡ፤ የአሁኑን የክስ ወረቀት፣ የትንፋሽ ምርመራውን ውጤትና የዜግነት ቅጹን ኮፒ ይያዙ። ወረቀትዎን ስላላየሁ ከዚህ በላይ አልልም።

ደግሞ ቅጹን ሲልኩ ያቺን ጥያቄ ምን ብለው እንደሞሏት ለጠበቃው ይንገሩት። ለእኔ አልነገሩኝም።