«በነፃ» ከሚሰጥ ኢንተርኔት ማን ይጠቀማል? ስለ ኔት ኒውትራሊቲ ጥያቄና መልስ

ከጠየቃችሁኝ መካከል ብዙዎቻችሁ የምትጋሯቸውን መርጫለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ኔት ኒውትራሊቲ በአጭሩ ምንድነው?

መልስ፦ ኢንተርኔት የሚሸጥልን ድርጅት መስመሩን ይሽጥልን፤ የትኛው ድረ ገጽ ይፍጠን፣ የትኛው ይንቀራፈፍ፣ የትኛው ይዘጋ ብሎ ግን አይወስንልን ማለት ነው።

ጥያቄ፦ እውነት እንዲህ ያደረገ አለ?

መልስ፦ አዎ። አሜሪካ ውስጥ ማዲሰን ሪቨር የሚባል የስልክ ኩባንያ በኢንተርኔት የሚያስደውለውን ቮኔጅ ዘጋ። ገበያውን ሊሻማው ነዋ! በ2005 ለመንግሥት 15,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በ2007 ደግሞ ኮምካስት የሚባለው የኢንተርኔት ኩባንያ ሰዎች ፋይል የሚለዋወጡበትን ቢትቶረንትን ሲያንቀራፍፍ ተደረሰበት። ደንበኛው እኮ «ኔትወርክ የለም» ብሎ ነው የሚያልፈው። ሆን ተብሎ መሆኑን በምን ያውቃል?

ጥያቄ፦ ድሃ ሰው ፌስቡክን በነፃ ቢያገኝ ምን ክፋት አለው? ከምንም አይሻልም?

መልስ፦ ከሁሉም የከበደኝ ጥያቄ ይሄ ነው። ህንድ በደንብ ተከራክራበታለች። በ2015 ፌስቡክ ከሪላያንስ ኮሙኒኬሽንስ ጋር ሆኖ፣ በኋላ «ፍሪ ቤዚክስ» የተባለውን አገልግሎት ጀመረ። የተመረጡ ጥቂት ገጾች ያለ ዳታ ክፍያ ይከፈታሉ፤ ሌላው ያስከፍላል። በዚያው ዓመት ኔት ኒውትራሊቲ ይጠበቅ የሚል ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኢሜይል ለቴሌኮም ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጎረፈ። ፌስቡክም በሰፊው አስተዋወቀ፣ ተጠቃሚዎቹን ደብዳቤ አስላከ። የካቲት 2016 ላይ መሥሪያ ቤቱ በይዘት ላይ ተመስርቶ የዳታ ዋጋ መለያየትን ከለከለ። ፌስቡክ አገልግሎቱን ከህንድ አወጣ።

እኔ ውሳኔውን እደግፋለሁ። ስለ አንድ ገበሬ ቀበሌ ሙስና የሚጽፍ ትንሽ የኢንተርኔት ጋዜጣ አለ እንበል። ጋዜጣው በነፃ ከሚከፈቱት ገጾች ዝርዝር ውስጥ ከሌለ ገበሬው ለማንበብ መክፈል አለበት። ብር የሌለው ሰው በነፃ ወደተከፈተው ይሄዳል። ስለዚህ ምርጫ ሲደርስ ድሃው የሚያውቀው ኩባንያው የመረጠለትን ብቻ ይሆናል፤ ሀብታሙ ግን ሁሉን አገላብጦ ድምፁን ይሰጣል። ለድሃ የሚያስብ ድርጅት ጥቂት ሜጋባይት ይስጠውና የፈለገውን ይክፈትበት። የህንዱ ደንብ ይህን አይከለክልም።

ጥያቄ፦ ለማኅበራዊ ሚዲያ ብቻ የሚሸጥ ርካሽ ጥቅልስ?

መልስ፦ ያው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2021 አንዳንድ መተግበሪያዎችን ከዳታ ሒሳብ ውጪ የሚያደርጉ የጀርመን ጥቅሎች የኅብረቱን ሕግ ይጥሳሉ ብሏል።

ጥያቄ፦ አሜሪካስ አሁን ሕጉ አላት?

መልስ፦ በአገር ደረጃ የላትም። በ2015 ወጣ፣ በ2017 ተሻረ፣ በ2024 ተመለሰ፣ በጥር 2025 ፍርድ ቤት ጣለው። ካሊፎርኒያ ግን የራሷ ሕግ አላት።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ ውስጥ ኔት ኒውትራሊቲ ቢደነገግ የኢንተርኔት መዘጋት ይቀራል?

መልስ፦ ብቻውን አያስቀረውም። በ2023 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለወራት ታግደው ሰው እገዳን በሚያሳልፈው መተግበሪያ፣ በቪፒኤን፣ ነበር የሚገባው። ትግራይ ደግሞ ከኅዳር 2020 ጀምሮ ጭራሽ ተቆርጣ ነበር። የኔት ኒውትራሊቲ ሕጎች በዋናነት የሚገድቡት ኩባንያውን ነው። የአውሮፓው ሕግ እንኳ በሕግ የታዘዘን እገዳ ይፈቅዳል። ስለዚህ ለእኛ ሌላም ያስፈልገናል፦ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ማንም እንዳይዘጋ፣ ሲዘጋም ምክንያቱና የሚያበቃበት ቀን ለሕዝብ እንዲነገር የሚያስገድድ ድንጋጌ።